በመዝገቡ መሠረት የተወለደ ልጅ

ሰው ፈልጎ መጥቶ ያላገኘሁለት መዝገብ በጣት የሚቆጠር ነው። አሰላ ባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ፣ ባለቤቱ ራሱ ጠፍቷል ብሎ ተስፋ የቆረጠበትን ፋይል ፈልጌ እጁ ላይ ያስቀመጥኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ድሮ ይህን በኩራት እናገረው ነበር። ከተሻለች ወልደጻድቅ ጉዳይ ወዲህ ግን አንስቼው አላውቅም።

ተሻለች የመጣችው በ1978 ዓ.ም. በግንቦት ወር ነው። ከጢቾ አሰላ ያለው መንገድ በዝናብ ላቁጦ ነበርና፣ ጫማዋ ላይ የደረቀውን ጭቃ በር ላይ በድንጋይ ስትፍቅ ቆይታ ነው የገባችው። ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት ቢሆን ነው። ጢቾ ጤና ጣቢያ በጽዳት ትሠራለች። ማንበብም መጻፍም አትችልም ነበር፤ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ግን አላት።

ጉዳይሽ ምንድን ነው ስላት ስለ ልጇ ነገረችኝ። አስናቀ ይባላል፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ቀበሌያቸው ኮታውን መሙላት ስላቃተው የሱንም ስም ጽፎታል። ሕጉ የሚጠይቀው አሥራ ስምንት ዓመት የሞላውን ነው። እሱ ግን የተወለደው ኅዳር 12 ቀን 1961፣ በሚካኤል ዕለት ነው፤ ገና አሥራ ሰባት ዓመት ከመንፈቁ ነው። ለሊቀ መንበሩ ይህን ብትነግረው ማስረጃ አምጪ አላት። ክርስትና ያነሱት ቄስ ከሞቱ ቆይተዋል። ትምህርት ቤት ያለው ዕድሜ እሷ በቃሏ ያስመዘገበችው ስለሆነ አልተቀበላትም።

ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ፣ ጽሑፍ ከጠፋ ሦስት ሽማግሌዎች ልጁን አይተው ዕድሜውን ይገምቱ፣ በነሱ ቃል እንሄዳለን ብሏት ነበር። አስናቀ ደግሞ ቁመቱ ያጠረ፣ ጺም ያላቆጠቆጠ ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ አሥራ ስድስት ቢሉት ነው እንጂ ከዚያ አያሳልፉትም። እሷ ግን የልጇን ነፍስ በግምት ላይ መጣል ፈራች። ወረቀት የተባለው ነገር ከሰው ቃል የሚበልጥ መሰላት። ንጉሡ ሳይወርዱ የልጁን አባት ከሳ ስለነበር፣ የልጄ ነገር ፍርድ ቤት ተጽፎ ተቀምጧል አለችው። እሱም ደስ ብሎት፣ እንዲያ ከሆነ እኛው በደብዳቤ እንጠይቃለን ብሎ ማኅተም መትቶ ሰጣት። ደብዳቤው «ልጁ የተወለደበት ቀን በመዝገቡ መሠረት ተገልጾ በጽሑፍ ይላክልን» ይላል።

የመዝገቡን ቁጥር ጠየቅኳት፤ አታውቀውም። ዓመቱንም በውል አታውቀውም። ክርክሩን የያዙት አባቷ አቶ ወልደጻድቅ ነበሩ። እሷ ያኔ ልጇን አቅፋ ቁሚ የተባለችበት ቦታ ከመቆም ሌላ ሥራ አልነበራትም። አባቷ ሲሞቱ ሣጥናቸው ቢፈተሽ ከወረቀቱ አንድም አልተገኘም። መጀመሪያ ጢቾ ፍርድ ቤት ሄዳ ጠይቃ ነበር፤ እዚያ ባሕር መዝገቡን ገልጠው፣ ፋይሉ በይግባኝ ወደ አሰላ ተልኳል ብለው ላኳት።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው መዝገብ ቤት አቧራና ክምር ነው። የፍትሐ ብሔር መዝገብ ግን መንገድ አለው። ቁጥሩ ከሌለ በዓመቱ፣ ዓመቱም ካልታወቀ በስም ይፈለጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሙ ላይ ነው። የራሱን ስም ብቻ ይዞ ይመጣል። በይግባኝ ጊዜ ግን ፊት የሚጻፈው ይግባኝ ባዩ ነው፣ ይግባኝ የሚለው ደግሞ የተረታው ነው። ተሻለች ረትታ ነበር። ስለዚህ የሷን ስም ትቼ የተከሳሹን ጠየቅኳት።

«ሣህሌ ገብረ መድህን» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ሰውየውን አውቀዋለሁ። እዚሁ አሰላ ይኖራል፣ የመንግሥት ጸሐፊ ነው፣ ባለ ትዳርና የልጆች አባት ነው። ጠዋት ጠዋት በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አልፎ ወደ ሥራው ሲሄድ ሰላምታ እንሰጣጣለን። ለሷ ምንም አላልኳትም።

ሦስት ባሕር መዝገብ ገልጬ በሁለተኛው ቀን አገኘሁት። በ1965 የተከፈተ፣ ኅዳር 1966 ውሳኔ ያገኘ የይግባኝ መዝገብ ነው። ቁጥሩን ይዤ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባሁና፣ መሰላል ላይ ወጥቼ ከላይኛው መደርደሪያ የዚያን ዓመት የመዝገብ እስር አወረድኩ። የሷ ፋይል ከሥር ነበር፤ የጢቾው ክርክርም ሙሉ በሙሉ አብሮ ተሰፍቷል። አንዲት ገጽ አልጎደለችም። ደስ ብሎኝ፣ ከመውረዴ በፊት ከላይ ሆኜ ተገኝቷል ብዬ ነገርኳት። ተነሥታ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እግዚአብሔርን አመሰገነች። እኔም ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ በቀበሌው ደብዳቤ ራስጌ ላይ «መዝገቡ ተገኝቷል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት፣ በገቢ ደብዳቤ መዝገብ ላይም አሰፈርኩት። ያን ሁሉ ያደረግኩት ፋይሉን ሳላነብ ነው።

ከዚያ ተቀምጬ አነበብኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሣህሌ በወጣትነቱ ጢቾ ተመድቦ ሲሠራ ከተሻለች ጋር ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ኖረዋል። ይህን እሱም አልካደም። በሐምሌ 1959 ወደ ጎበሳ ተዛወረ። ልጁ ተወለደ። እሱ በ1963 ሌላ አገባ፣ ተሻለችና አባቷ በ1964 ከሰሱት። በዚያን ጊዜ ሕግ፣ ሁለቱ ከተለያዩ በሦስት መቶ ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ የሱ ይሆናል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ክሱ ይወድቃል። የሣህሌ ዝውውር በደብዳቤ የታወቀ ነው። ልጁ በኅዳር 1961 ተወለደ ከተባለ ሦስት መቶው ቀን አልፏል።

እውነቱን ካነበብኩላት በኋላ ተሻለች ነገረችኝ። ሣህሌ ከተዛወረ በኋላም ይመጣ ነበር። በ1960 የካቲት መጥቶ ሳምንት ተቀምጦ ሄዷል፤ አስናቀ የዚያ ሳምንት ልጅ ነው። ነገር ግን ያን ሳምንት ከሷ በቀር ያየ ምስክር አልተገኘም። ስለዚህ አቶ ወልደጻድቅና ነገረ ፈጃቸው የልጁን ልደት ወደ ኋላ ሳቡት። ክሱ ላይ «ልጁ የተወለደው ሚያዝያ 23 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው» ተብሎ ተጻፈ፤ አቶ ወልደጻድቅም ምለው ፈረሙበት። ሦስት ምስክሮች በጊዮርጊስ ዕለት የገንፎው ጥሪ ላይ ነበርን ብለው ማሉ። ልጁ ያኔ አራተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው፤ ሰባት ወር በፊቱ ላይ አይነበብም።

ተሻለች የተጠየቀችው ሁለት ጥያቄ ነው። አባቱ ማን ነው ስትባል ሣህሌ ነው ብላለች። መቼ ወለድሽው ስትባል የተጻፈው መልስ «ቀኑን አባቴ ያውቃል» የሚል ነው።

ሣህሌ በመከላከያ መልሱ ሁለት ነገር ተናግሯል። አንደኛው ውሸት ነው፤ ከሐምሌ 1959 በኋላ ጢቾን ረግጬ አላውቅም ይላል። ሁለተኛው እውነት ነው። «ልጁ የተወለደው ኅዳር 12 ቀን 1961 ዓ.ም. መሆኑን የጢቾ ሕዝብ ያውቃል» ይላል። ፍርድ ቤቱ የቀረበለትን ምስክር ሰምቶ ሚያዝያ 23ን ተቀበለ፣ የሣህሌን ቃል ውድቅ አደረገ። ይግባኙም ጸና። አስናቀ «አስናቀ ሣህሌ» ተብሎ ትምህርት ቤት የገባው በዚህ ፍርድ ነው።

ቀኑን ቆጠርኩ። በመዝገቡ መሠረት አስናቀ አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላው አንድ ወር አልፎታል።

ጠርቼ ካጠገቤ አስቀመጥኳትና አነበብኩላት። መጀመሪያ አልገባትም። ሚካኤል የሚል የለም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በተከሳሹ መልስ ላይ አለ፣ ፍርዱ ላይ ግን የለም አልኳት። እንደገና አንብብልኝ አለች። አነበብኩ። የአባቷ ቃል ላይ ስደርስ በእጇ አስቆመችኝ።

«አባቴ እንዲህ ብሎ ማለ?»

«ተፈርሞበታል።»

አባቷ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ ጾም የማይገድፉ ሰው ነበሩ። ለሷ ስም ሲሉ ያደረጉት መሆኑ ገብቷታል፤ ግን ሞተዋልና ልትጠይቃቸውም ልትቆጣቸውም አልቻለችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አቶ ነገሳ፣ አልተገኘም ይበሉልኝ።»

ተገኝቷል ብዬ መፈረሜን ነገርኳት።

«ይሰርዙት። ሽማግሌዎቹ ልጄን አይተው ይፈርዱ።»

እኔ ቱሳ የሚባል የድግሉ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ የሚያስጥለኝ ባለ ሥልጣን ዘመድ አልነበረኝም። ሚስትና አራት ልጆች ነበሩኝ። በዚያን ጊዜ የምልመላን ነገር ማደናቀፍ ምን እንደሚያስከትል ሁሉም ያውቀዋል፤ ጎረቤቴ በዚሁ ሰበብ አሥር ወር ታስሮ ወጥቷል። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላውን ብደብቀው ዋጋ የለውም፤ ያገኘሁትን መዝገብ የለም ብዬ መጻፍ ክብሬን የሚነካ መሰለኝ። አልችልም አልኳት። ያኔ ስናገረው ቀና ሰው የሆንኩ ያህል ተሰምቶኛል።

በምትኩ ሌላ መንገድ ፈለግኩላት። የካቲት ላይ መምጣቱን የሚያውቅ ከሷ ሌላ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱ ራሱ ቀበሌው ፊት ቀርቦ ቃሉን ቢሰጥ፣ የመዝገቡ ቀን ስሕተት መሆኑን ያስረዳልናል ብዬ አሰብኩ። ከሥራ እንደወጣሁ ይዣት ሄድኩ። ሣህሌ ደጁ ላይ ቆሞ አጥር ሲጠግን ደረስን። አወቃት። ወደ ቤት ግቡ አላለንም፤ ሚስቱ እንዳትሰማ ወደ መንገዱ ወጣ።

ተሻለች አልለመነችውም። ነገሩን በአጭሩ ነገረችውና፣ «የካቲት ላይ መምጣትህን ብቻ ንገራቸው» አለችው።

ሣህሌ መዶሻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ያኔ ልጁ የኅዳር ነው ብዬ ስጮህ አባትሽ ምን አለ? ዋሾ ነው አለኝ። ፍርድ ቤቱም ዋሾ ነህ አለኝ። በዚያ ፍርድ አራት ዓመት ደመወዜ ተቆርጧል።»

«እኔን አይደለም፣ ልጁን ነው የምልህ።»

«ኅዳር ነው ካልኩ ልጄ አይደለም። ልጄ ነው ካልኩ ሚያዝያ ነው። የምትፈልጊውን ምረጪ።»

«ሁለቱም እውነት መሆኑን አንተ ታውቃለህ።»

ቀና ብሎ አያት። ለአንድ አፍታ እሺ የሚል መስሎኝ ነበር። «የካቲት ላይ አልመጣሁም» አለና ወደ አጥሩ ተመለሰ።

ስንመለስ ከጭላሎ የሚወርደው ንፋስ ፊት ለፊት ይመታን ነበር፤ እሷ ነጠላዋን እንኳ አልሰበሰበችም። ያደረችው የአክስቷ ልጅ አልጣሽ ዘንድ ነው፤ እስከ በሩ ሸኘኋት።

በማግሥቱ ለቀበሌው መልስ ጻፍኩ። በመዝገቡ መሠረት ልጁ የተወለደው ሚያዝያ 23 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው አልኩ። ከሥሩ፣ ተከሳሹ ግን ኅዳር 12 ቀን 1961 ነው ብሎ መከራከሩን ጨመርኩበት። ያችን አንዲት መስመር ስጽፍ ብዙ ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። ሊቀ መንበሩ ለቀበሌው ኮሚቴ ሲያነበው፣ አንዱ አባል፣ የኅዳሩን ፍርድ ቤቱ ራሱ ውድቅ አድርጎታል፣ እኛ ከፍርድ ቤት እንበልጣለን ወይ ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹም አልተጠሩም፤ ጽሑፍ ተገኝቷላ።

ምልምሎቹ ከየአውራጃው አሰላ ተሰብስበው ነው ወደ ማሠልጠኛ የሚጫኑት። በሰኔ መጀመሪያ የጢቾዎቹ መድረሳቸውን ሰምቼ ሄድኩ። ተሻለች ከእናቶቹ ጋር አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ስታየኝ ፊቷን አላዞረችም፣ ሰላምም አላለችኝም። ልጇን በእጇ አመለከተችኝ። አስናቀ ከሌሎቹ በአንድ ራስ ያጥራል። ግንባሩና ጆሮው የሣህሌ ነው፤ ያን ለማየት መዝገብ መግለጥ አያስፈልግም ነበር።

ማን መሆኔን እናቱ ነግራው ኖሮ ወደ አጥሩ ቀረበ።

«መዝገቡን ያነበቡት እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

አዎ አልኩት።

«አባቴ ስለ እኔ የተናገረው ነገር አለ?»

እውነቱን፣ ከእውነቱም አንዷን ቁራጭ ነገርኩት። «የተወለድከው ኅዳር 12 ቀን ነው ብሏል» አልኩት።

ልጁ ትንሽ አሰበ። «ልደቴን ያውቃል ማለት ነው» አለ። ፊቱ ላይ ደስታ አየሁ። ከዚያ ስም መጥራት ጀመሩና ሄደ።

በ1980 ሰሜን ግንባር ላይ ነበር። ከሱ ጋር የነበረ አንድ የጮሌ ወረዳ ልጅ እግሩን አጥቶ ሲመለስ፣ አስናቀ በጥይት ተመትቶ መሞቱን ለናቱ ነገራት። ለቀበሌው ወረቀቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ቆይቶ ነው። ወረቀቱ ላይ ዕድሜው ሃያ ተብሎ ተጽፏል። እናቱ በምትቆጥረው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ለልቅሶው አልሄድኩም። ምን ብዬ እንደምቀመጥ አላወቅኩም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ እሱም ይበቃ ነበር። በ1982 ሰኔ ውስጥ ግን ሣህሌ ገብረ መድህን መዝገብ ቤት መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ከስቷል። ከባንኮኒው ወዲያ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያዘ።

«የእኔና የተሻለች መዝገብ ነበረ» አለኝ።

ከሚስቱ የወለደው ትልቁ ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ ለምልመላ ተጽፏል። የቀበሌያቸው ሊቀ መንበር ደግሞ፣ አንድ ልጁን ለናት አገር የሠዋ ቤተሰብ ሁለተኛውን አይጠየቅም፣ ማስረጃ ካለህ አምጣ ብሎታል። ይህን ሁሉ የነገረኝ ሳልጠይቀው ነው።

«የትኛውን ገጽ ነው የሚፈልጉት?» አልኩት። የምጠይቀው ገብቶታል።

«ፍርዱን» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «አባቱ ነው የሚለውን።»

የተዘጋ መዝገብ ግልባጭ ለተከራካሪው ወገን ይሰጣል፣ ረታም ተረታም። የለም ልለው እችል ነበር። በደብዳቤ የጠየቀ መሥሪያ ቤት የለም፣ የተመዘገበ ነገርም የለም፣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ያን ጊዜ የዚህኛውን ልጅ ዕድሜ አሰብኩ። መሰላሉን አቁሜ ወጣሁ፣ እስሩን አወረድኩ፣ ፍርዱን በጽሕፈት መኪና ጽፌ ከዋናው ጋር አመሳከርኩ። ሚያዝያ 23 የምትለውንም ጻፍኳት። ማኅተም አስመትቼ ሰጠሁት። እግዜር ይስጥልኝ አለኝ። እኔ እስሩን ይዤ ወደ ኋለኛው ክፍል ተመለስኩ።

ልጁ ቀረለት። አሁን ጎበሳ ውስጥ አስተማሪ ነው፤ አሰላ በመጣ ቁጥር ሲያገኘኝ ቆሞ በአክብሮት ሰላም ይለኛል። ማን መሆኔን ያውቅ እንደሆነ አላውቅም። እኔም ሰላም እለዋለሁ፤ እሱ ያጠፋው ነገር የለም።

ተሻለች ይህን ሰምታ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ጢቾ ሄጄ ልጠይቃት ብዬ ከአሰላ ተነሥቼ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ላይ ሳጉሬ ስደርስ ከአውቶቡሱ ወርጄ ተመልሻለሁ።